ሰባተኛዋ መብራት

እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ አባቴ ሰካራም ይመስለኝ ነበር። ሲጠጣ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

ማስረጃዬ ብዙ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ የግቢውን በር መቃን በትከሻው ይገጨውና እኛን ለማሳቅ ብሎ “ይቅርታ ጌታዬ” ይለዋል። ውሃ ሲቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ አያቆምም። ወንበር ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ ካለ ይደናቀፋል፤ እናቴ በሌላ ነገር የማትቆጣ ሴት ወንበር ካንቀሳቀስኩ የምትቆጣኝ ለዚህ ነበር። ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ የሚኖረው ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ መቃን ይገጫል፣ ወንበር ይጥላል፣ ለግድግዳ ሰላምታ ይሰጣል። የሾፌሩን ነገር ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ልዩነቱ ሾፌሩ ከሩቅ ይሸታል። አባቴን ጉንጩን ስስመው ትንፋሹን ሰርቄ አሸትታለሁ፤ የማገኘው የሳሙናና የሽቦ ልባስ ሽታ ነው። ከሾፌሩ ይልቅ ብልህ ነው፣ መደበቅ ያውቅበታል ብዬ ደመደምኩ።

የመጨረሻውን ማስረጃ የሰጡኝ እናቴና እትዬ መቀስ ናቸው። እትዬ መቀስ አባቴ በሚሠራበት የልብስ ፋብሪካ የጨርቅ ቆራጮች አለቃ ነበረች። መቀሷን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው ስሙ የወጣላት። ለእናቴ ከእህት አትተናነስም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በሆዴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እነሱ የደረቀ ልብስ ያጥፉ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

“በየቀኑ እየባሰበት ነው” አለች እናቴ።

“ሐኪሙስ ምን አለ?”

“አይመለስም ነው ያለው። እስኪጨርሰው ድረስ እንዲሁ እያለ ይሄዳል።”

እትዬ መቀስ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ገጠመች። “ፋብሪካ ካወቁበት አንድ ቀን አያሳድሩትም።”

“አንቺ ዝም ካልሽ ማን ይነግራቸዋል?”

“እኔማ አፌን ከሰፋሁት ቆየሁ።”

የሾፌሩ ሚስትም አጥሩ ላይ ተደግፋ ለጎረቤት ስታወራ የምትለው ይኸንኑ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ አይመለስም፣ አንድ ቀን ይጨርሰዋል። እርሳሴን አስቀምጬ ወለሉን አየሁ። ነገሩ አለቀልኝ። አባቴ ይጠጣል፤ ፋብሪካው ካወቀ ያባርረዋል፤ ይህንን የምናውቀው ደግሞ እኔን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ነን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ከሴቶቹ ቆጠርኩ።

ፋብሪካው ባለ አራት ፎቅ ነው። ደረጃው ሕንፃው መሐል ላይ ስለሆነ መስኮት የለውም፤ መብራት ከጠፋ እኩለ ቀንም ቢሆን ጆንያ ውስጥ እንደመግባት ነው። አባቴ የሕንፃው የመብራት ሠራተኛ ነበር። ሠራተኞቹ “ጋሽ ሽቦ” ይሉታል። የስፌት ማሽኑም፣ ካውያውም፣ የሚንጣጣው ማብሪያ ማጥፊያም የእሱ ጣጣ ናቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው ግን የአደጋ ጊዜ መብራቶቹን ነበር። ሃያ ሦስት ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፎባቸዋል፤ ስለ እነሱ ሲያወራ ከብት ያለው ሰው ስለ ከብቶቹ እንደሚያወራ ነው፣ የዚችኛዋ ጠባይ እንዲህ ነው፣ ያቺኛዋ አመለኛ ናት እያለ።

ትምህርት ቤቴ ለፋብሪካው ቅርብ ስለነበር ከክፍል ስወጣ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ምድር ቤት ውስጥ የመብራት ማከፋፈያው ሳጥን ያለበት ጠባብ ክፍል አለችው፤ እዚያ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እዚያ ነው ያስተማረኝ። ከየበሩ በላይ ያሉት አረንጓዴዎች፣ ቀስት የተሳለባቸው፣ አይተኙም። መብራት ኖረም አልኖረም ይበራሉ፤ ሰው መውጫውን ማወቅ ያለበት ጭንቅ ከመምጣቱ በፊት ነው ይለኛል። የደረጃውና የመተላለፊያው መብራቶች ግን እንቅልፋሞች ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ባትሪ አለ። ዋናው መብራት እያለ ባትሪያቸውን እየመገቡ ያንቀላፋሉ፤ በጠፋ ጊዜ ብድግ ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆማሉ። ከትልቁ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን በላይ ያለችው ደግሞ ለብቻዋ ናት፤ ከሁሉም ትደምቃለች፣ ለመንቃትም ዓይን እስኪርገበገብ አትፈጅም። ኃይል ሲቋረጥ ምላጩ ወዲያው አይቆምም። እትዬ መቀስ ጣቶቿ የት እንዳሉ ማየት አለባት።

መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሥራ የሚፈታ ከሆነ ለምን በእነዚህ እየተረዱ አይሠሩም ብዬ ጠየቅኩት። ለሥራ ጄኔሬተር አለ አለኝ፤ ጓሮ የቆመው፣ ተነስቶ እስኪጮህ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ናፍጣ የሌለውም ቀን አለ።

“እነዚህ ለመሥራት አይደሉም፣ ሚጡ” አለኝ። “ለመውጣት ናቸው።”

በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ሠራተኛው ሲወጣ ፈተና አለ። ፈተና የምለው እኔ ነኝ። እሱ “ዙረት” ይለዋል። በማከፋፈያው ሳጥን ላይ ያለውን ማቋረጫ ወደ ታች ይጥለዋል፤ ሕንፃው አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም ይላል። ከዚያ ሦስት ደረጃ ቀድሜው እወጣለሁ። እሱ ደብተሩን በአንድ እጁ፣ የደረጃውን ብረት በሌላው ይዞ ይከተለኛል። ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እመልሳለሁ።

“አራት?”

“በርታለች።”

“አምስት?”

“በርታለች።”

እያንዳንዷ መብራት ሥር ሲደርስ ቆም ብሎ አንገቱን ቀና ያደርጋል። መብራቶቹ ሲነቁ ድምፅ አላቸው፤ ከጆሮ ሥር እንደምትዞር ትንኝ ቀጭን። ድምፁን ወዶት የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፣ መስመሩን እየሳተ፤ የኔ ጽሑፍ ከእሱ ይሻላል።

መልሱን ሁሉ አስቀድሞ እንደሚያውቅ አልተጠራጠርኩም። አስተማሪ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው። ደግሞም አንድ ጊዜ አረጋግጫለሁ። ደረጃውን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ሳላይ “አሥራ አንድ በርታለች” ስል፣ ቆመና “እስቲ ደግመሽ እይ” አለኝ። ቀና አልኩ። አሥራ አንድ ጠፍታለች። ጀርባውን ግማሽ ሰጥቶኝ፣ መብራቷን ሳይመለከት ነበር ያወቀው። ውሃ ሆንኩ። አባቴን ማታለል አይቻልም ማለት ነው።

ያ የአሥራ አንደኛዋ ነገር ነው ጣጣውን ያመጣው። በማግስቱ ቅዳሜ ባትሪዋን ሊቀይር መሰላል ላይ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ ብሎኖቹን በመዳፌ ይዤለታለሁ። ሲወርድ በእግሩ ጫፍ መወጣጫውን ፈለገ፣ አጣው፣ እንደገና ፈለገ፣ ከዚያ ከነመክፈቻው ወረደ። የወደቀው ከሁለት መወጣጫ ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ተላጠ። ግን የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በመተላለፊያው ሲያልፍ አየው።

“ጋሽ ሽቦ፣ የቀመሰው መሰላሉ ነው ወይስ አንተ?” አለ እየሳቀ።

አባቴ አብሮት ሳቀ። ያ ሳቁ አንጀቴን በላው። ብሎኖቹን ጨብጬ መዳፌ ላይ ምልክታቸው እስኪወጣ ቆምኩ። አወቁበት ማለት ነው፤ ባይሆን እንኳ ሊያውቁበት ጫፍ ደርሰዋል። ሌላ ጊዜ ከመሰላል ቢወድቅ የሚላጠው ጉልበቱ ብቻ አይሆንም፤ እንጀራውም ያከትማል።

በሚቀጥለው ወር ዙረት ላይ ሰባተኛዋ አልበራችም።

ሰባተኛዋ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚጠመዘዝበት ጥግ ላይ ነበረች። ከታች ያለችው ስድስተኛዋ የግድግዳውን ግማሽ ታበራለች፤ ከላይ ያለችው ስምንተኛዋ የጣሪያውን ጠርዝ። መሐሉ ጥቁር ነው። ጫማዬ አይታየኝም። ከሕንፃው ጀርባ የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ሞተር ያጉረመርማል። መጀመሪያ ሐሳቤ ውስጥ የመጣው መሰላሉ ነው። ጥግ ስለሆነ በደንብ እንኳ አይቆምም፤ አንድ እግሩ ደረጃ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ ነው የሚሆነው።

“ሰባት?” አለ አባቴ ከኋላዬ።

“በርታለች።”

አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። እንደሚይዘኝ አውቃለሁ። መያዜንም ፈልጌ ነበር መሰለኝ፤ ከያዘኝ ውሳኔው የኔ አይሆንም።

“እስቲ ደግመሽ እይ።”

ቀና አልኩ። ያው ጨለማ ነው።

“በርታለች፣ አባባ።”

ዝም አለ። ሞተሩ ያጉረመርማል። ከዚያ እርሳሱ ወረቀቱን ሲፍቅ ሰማሁ። “ስምንት?” አለ። ካወቀና ካለፈኝ፣ ሰባተኛዋ ያን ያህል አታስፈልግም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ወይም እሱም እንደኔ መሰላሉን ፈርቷል። ደስ አለኝ፤ በአንድ ምስጢር ላይ ሁለት የሆንን መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

ረቡዕ ነው፤ ከትምህርት ቤት መጥቼ የምድር ቤቷ ክፍል ውስጥ ማባዛት እሠራ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ፣ ከካውያዎቹ ክፍል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ። አባቴ ሽታውን ከእኔ ቀድሞ አግኝቶ ቆሟል። በዚያው ቅጽበት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለና ሁሉም ጠፋ። የስፌት ማሽኖቹ ድምፅ ከላይ ወደ ታች እንደሚፈስ ውሃ ጸጥ አለ።

“ውጪ በሩ ጋ ቁሚ፤ ከዚያች አረንጓዴ ሥር አትነቃነቂ” አለኝና ወጣ።

ቆምኩ። አረንጓዴዋ መብራት ክንዴን አረንጓዴ አድርጋዋለች። ሠራተኞቹ መውረድ ጀመሩ፤ የጫማ ድምፅ፣ የሳል ድምፅ፣ አንዷ ቦርሳዬን ረሳሁ ትላለች። ከአንደኛና ከሁለተኛ ፎቅ ያሉት በሥርዓት ወጡ። ከዚያ ጅረቱ ቆመ። ከላይ “አይታይም! መታጠፊያው ጋ አይታይም!” የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲወድቅ፣ ብረት ደረጃ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ብረቱ መቀስ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። አይጮህም። ቁጥር ሲያስተምር እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው።

“ቀኝ እጃችሁን ብረቱ ላይ አድርጉ። ሰባት ደረጃ አለ። ቁጠሩ። አሁን ይታጠፋል፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ትከሻዬን ያዙ። ከዚህ በኋላ ዘጠኝ። ቀጣይ።”

ቀጣይ፣ ቀጣይ እያለ ከላይ የነበሩትን በሙሉ በዚያ ጥቁር ጥግ አሳለፋቸው። ስድሳ ሁለት ሰው ነበሩ፤ ኋላ ላይ ተቆጥረዋል። እየሳሉ ወጥተው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ፣ ሁላችንም በዳበሳ ስንሄድ እሱ ቀን እንደሆነ ሁሉ ይሮጥ ነበር ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ፣ እንዴት እንዲህ ቶሎ ስካሩ ለቀቀው ብዬ ተገረምኩ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር፤ ጨለማው ከጀመረው ሦስት ዓመት አልፎታልና።

በመጨረሻ እትዬ መቀስን ደግፎ ወጣ። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ሊሆን በማይገባው በኩል ታጥፏል። የአንገቷ ክር ተበጥሷል። አየችኝና፣ “አትፍሪ ልጄ፣ ግራዋ አለች” አለችኝ። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቱ ጭስ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሁለት ካውያና አንድ ጠረጴዛ ነው የተቃጠለው። ከስድሳ ሁለት ሰው የተጎዳች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የተጎዳችውም በእኔ ቃል ነው።

በማግስቱ አባቴን ሥራ አስኪያጁ ጠራው። እናቴ ቤት እንድቆይ ብትነግረኝም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄድኩና ከቢሮው ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። መብራት ገና ስላልተቀጠለ ለብርሃን ብለው በሩን ከፍተውታል። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ኋላ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ እትዬ መቀስ እጇ በጀሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ መሐል ላይ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ ተዘርግቷል።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበረው። ሰባት፣ ደህና ይላል፤ ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀ። አባቴ እኔ ነኝ አለ። መብራቷን አይተሃታል? አይቻታለሁ። ባትሪዋ ከሞተ ከርሟል እኮ፣ ታዲያ ምኗን ነው ያየኸው?

“አለቃ፣ ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርጋል” አለ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። “ሰውየው ይቀምሳል። ከመሰላል ሲወድቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መቃኑንማ በየቀኑ ነው የሚጋጨው።”

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን ከደነ። “እውነት ነው? ጠጥተህ ነበር?”

እትዬ መቀስ ከወንበሯ ብድግ አለች። “ስሙኝማ…” አለች። አባቴ ወደ እሷ ዞረ፤ በትክክል ወደ እሷ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኗ፤ ራሱን ወዘወዘላት። ተመልሳ ተቀመጠች።

“ጠጥቼ ነበር” አለ አባቴ።

እውነቱን ልናገር፤ እፎይ ነው ያልኩት። አግዳሚው ላይ ሆኜ እግሬን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ጥፋቱ የመጠጡ ከሆነ የኔ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነው ይሉኛል። ቢሆንም ያ የእግሬ መወዛወዝ እስከዛሬ አይረሳኝም።

በዚያው ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። ጠባቂው በሩ ላይ አቀፈው። መንገዱን በሙሉ እጄን ይዞ ሄደ፤ ስላዘነ ነው ብዬ አጥብቄ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው ሬዲዮና ካውያ ይጠግን ጀመር፤ በጣቶቹ እየዳሰሰ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ። በየቅዳሜው እኔ እጁን ይዤው እትዬ መቀስ ቤት እንሄዳለን። የእጇ አንጓ ቢጠገንም እንደ ድሮው አልዞር አለ፤ መቁረጡን ለሌላ ሰጥታ በጠመኔ ልክ ማስመሩ ላይ ተዛውራለች። “ይቺ እጅ ድሮም ሰነፍ ናት፣ ምክንያት ስትፈልግ ነው የኖረችው” ትላለች። ሻይ ትቀዳልናለች፣ አባቴ ይቅርታ ሊጀምር ሲል ዳቦውን ታቀርብለታለች። እኔ የማየው ዘመድ ዘመዱን ሲጠይቅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ እናቴ አስቀምጣ ነገረችኝ። የአባቴ ዓይን ከዳር ዳር እየጨለመ መሐሉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብቻ ቀርታለት ነበር፤ አመሻሽና ጨለማ ውስጥ ያቺም ትጠፋለች። አሁን እሷም ልትዘጋ ነው። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኳት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ነው የጀመረው አለችኝ።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ከቦታው ተነሳ፤ መቃኑ፣ ብርጭቆው፣ ወንበሩ፣ መሰላሉ። ዙረቱም። የማያውቀውን ነበር የሚጠይቀኝ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ታዲያ ለምን ጠጥቼ ነበር አለ? እሱን ብጠይቅ ሰባተኛዋ መብራት መነሳቷ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬ አብሮኝ አደገ፤ አብሮኝ ትምህርት ጨረሰ፤ ሥራ ያዘ።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ያለፈው ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀጉሩን አስተካክለን ስንመለስ ደረጃው ላይ እያለን መብራት ጠፋ። የኛም ደረጃ መስኮት የለውም። ደርቄ ቀረሁ። እሱ ሁለት ደረጃ ቀድሞኝ ወጥቶ ነው መቆሜን ያወቀው።

“ምን ሆንሽ?”

“መብራት ጠፋ።”

“ለኔ ማንም አልነገረኝም” አለ። ሲቀልድ አፉ በአንድ በኩል ነው የሚስቀው። ከዚያ ቆም አለና አንገቱን ቀና አደረገ፣ ልክ እንደ ድሮው። “የአደጋ ጊዜ መብራቶች አሏችሁ አይደል? የታችኛዋ በርታለች?”

“በርታለች።”

“የላይኛዋስ?”

ቀና አልኩ። ከላያችን ያለው መታጠፊያ ጥቁር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ሰባተኛዋ አልበራችም ነበር።”

የቷ ሰባተኛ አላለኝም። ብረቱን እየዳሰሰ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አዲስ ከተቆረጠው ፀጉሩ የዱቄት ሽታ መጣ።

“አውቃለሁ” አለ። “ድምፅ አልነበራትም።”

ትንኟ ታወሰችኝ። መብራቶቹን ሲሰማቸው ነበር እንጂ ወዶ አይደለም የሚቆመው። አሥራ አንደኛዋንም የያዘብኝ በጆሮው ነበር።

“ካወቅክ ለምን ደህና ብለህ ጻፍክ?”

“የሞተሩ ጩኸት ነው ድምፅዋን የዋጠው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።” እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። “ውሸት ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ፣ ሁለት ጊዜ በርታለች አልሽኝ። ከጆሮዬ ይልቅ አንቺን አመንኩ።”

ለምን እንደዋሸሁ ነገርኩት፤ መሰላሉን፣ የዕቃ ቤቱን ሰውዬ፣ ብሎኖቹን። ከዚያ፣ የቀረውን መደበቅ ምን ይረባል ብዬ፣ ሰካራም ይመስለኝ እንደነበርም ነገርኩት። ትንፋሹን እንደማሸት ስነግረው ሳቁ ደረጃውን ሞላው። ከላይ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ዓይኑን በመሐረቡ እየጠረገ፣ “እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ አባቷን እንዴት ትወደዋለች፣ በገባሁ ቁጥር ትስመኛለች እያልኩ ስኮራ!” አለ።

ሳቁ እስኪበርድለት ጠበቅኩት።

“ታዲያ ለምን ጠጥቼ ነበር አልካቸው? ዓይኔ ነው ብትል ያዝኑልህ ነበር።”

“ያዝኑልኝ ነበር” አለ። “ከዚያስ? ዓይንህ የማያይ ከሆነ ማን ነበር የሚያይልህ ይሉኛል።” እጁን ዘርግቶ ራሴን ፈለገ፤ መጀመሪያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ፀጉሬን አገኘ። “የትልቅ ሰውን ሥራ በሕፃን ዓይን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያ ነው። ለእትዬ መቀስም ይኼንኑ ነግሬያታለሁ፣ ገና የመጀመሪያው ቅዳሜ። ስለ መብራቷ አንቺን እንዳልጠይቅሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። ልጅቷ ራሷ ትምጣ አለች።”

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷ ትምጣ ብለው ሲጠብቁኝ ኖሩ። ሻይ እየቀዱ፣ ዳቦ እያቀረቡ።

የታችኛዋ መብራት ጫማዎቻችንን ታበራለች፤ የእሱ ክር ተፈትቷል፤ ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። ከዚያ ብረቱን ይዞ ተነሳ።

“እስቲ ደግመሽ እይ” አለኝ። “የላይኛዋ?”

ቀና ብዬ አየሁ። በደንብ ነው ያየሁት።

“አልበራችም፣ አባባ።”

“እኔም አልሰማኋትም” አለ። “ነገ መሰላል ፈልጊ። አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔ እይዝልሻለሁ።”